የስደተኛ ሕግ ሲሻሻል ከመስኮቱ መጀመር

ይህ ጽሑፍ የስደተኛና የኢሚግሬሽን ሕግ ለሚያረቁ፣ በረቂቅ ላይ አስተያየት ለሚሰጡ፣ ሕጉ ከወጣም በኋላ እንዲሠራ ለሚደክሙ ሰዎች ነው። ምሳሌያችን የኢትዮጵያ ሕግ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 409 ተክቶ ስደተኛ እንዲሠራ፣ እንዲንቀሳቀስ፣ እንዲማር፣ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት በር ከፈተ። በአፍሪካ ለስደተኛ ሰፊ መብት ከሚሰጡ ሕጎች አንዱ ተብሎ ተመሰገነ፤ ምስጋናው ይገባዋል። ነገር ግን በአዋጅ የተሰጠ መብት አንድ የመንግሥት መስኮት ፊት ሲደርስ ይቆማል። «እኛ ጋ የደረሰ ደብዳቤ የለም»፣ «ይህን መታወቂያ አናውቀውም»፣ «ኃላፊው ሲመጣ ተመለስ» የሚሉት መልሶች አዋጁን ያለ ድምፅ ይሽሩታል።

ስለዚህ የምንመክረው የሥራ ቅደም ተከተል ከተለመደው ይገለበጣል። አብዛኛው ረቂቅ ከመብት ዝርዝር ይነሳና ወደ አፈጻጸም ይወርዳል። እናንተ ከመስኮቱ ተነሱና ወደ አንቀጹ ውጡ።

የመስኮት ካርታ

አንቀጽ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሰውና አንድ ሥራ ምረጡ። ለምሳሌ በቀብሪበያህ መጠለያ ጣቢያ የምትኖር ሶማሊያዊት ስደተኛ ጅግጅጋ ከተማ ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ መክፈት ትፈልጋለች እንበል። ከመጠለያ ለመውጣት ፈቃድ፣ ቤት ለመከራየት ውል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ሒሳብና ሲም ካርድ ያስፈልጓታል። ሰባት ወረቀት ማለት ቢያንስ ሰባት መስኮት ነው።

በአንድ ገጽ ላይ አራት ዓምድ አስምሩና ለእያንዳንዱ መስኮት ሙሉት። አንደኛው ዓምድ የሚጠየቀውን ወረቀት ይይዛል፤ ሁለተኛው ያንን ወረቀት እንዲጠየቅ የሚያዝዘውን ሕግና አንቀጽ፤ ሦስተኛው በዚያ አንቀጽ ወይም ቅጽ ላይ ያለውን ትክክለኛ ቃል፤ አራተኛው ያንን ቃል የመቀየር ሥልጣን ያለውን አካል። ሦስተኛውን ዓምድ በችኮላ አትሙሉት። ቅጹ «የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት» ካለ ሴትየዋ ሁለቱም የሏትም። «ነዋሪ» ካለ ነዋሪነቷን የሚመሰክር ቀበሌ የለም። «የውጭ ዜጋ» ካለ ደግሞ ለውጭ ኩባንያ ተብሎ የተቀመጠ መስፈርት ይወርድባታል። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ክፉ ሆኖ አይደለም። ነገ ኦዲተር መጥቶ «በየትኛው ሰነድ አስተናገድክ?» ቢለው የሚያሳየው ወረቀት ይፈልጋል። የእናንተ ሥራ ያንን ወረቀት በእጁ ማስቀመጥ ነው።

ቅጾቹን በአካል ሄዳችሁ ሰብስቡ። በድረ ገጽ የተለጠፈውና በቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም፤ ሠራተኛው የሚሠራው በግድግዳው ነው።

ካርታውን ስትሠሩ «ከአገርዎ ኤምባሲ የተረጋገጠ» የሚል መስፈርት ካገኛችሁ በቀይ አስምሩበት። ስደተኛ ከሸሸው መንግሥት ወረቀት እንዲያመጣ ማስገደድ ቤተሰቡን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የፓስፖርት እድሳት መጠየቁም ጥበቃውን እንደተወ ተደርጎ ሊቆጠርበት ይችላል። በረቂቁ ውስጥ ለብቻው በአንድ ንዑስ አንቀጽ መከልከል ያለበት ጉዳይ ነው።

ምኑ በአዋጅ፣ ምኑ በመመሪያ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ኢሚግሬሽን፣ ፓስፖርት፣ ስደተኛና ጥገኝነት የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው። ስለዚህ መነሻው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ ነው፤ ከሥሩ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ይመጣል። መብት፣ የመብት ገደብ፣ ቅጣትና ሌላ መሥሪያ ቤትን የሚያስገድድ ትእዛዝ በአዋጅ ይሁን። ክፍያና ዋና ዋና ሥነ ሥርዓት በደንብ፣ የቅጽ ይዘትና የፎቶ ብዛት በመመሪያ። የስደተኛ ጉዳይ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት፣ በራሱ መመሪያ ንግድ ቢሮን ወይም ባንክን ማዘዝ አይችልም። ይህን መዘንጋት የብዙ ጥሩ መመሪያዎች መሞቻ ነው።

ረቂቃችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» የሚለው ሐረግ ስንት ጊዜ እንደገባ ቁጠሩ። በዚህ ሐረግ ላይ የተንጠለጠለ መብት መመሪያው እስኪወጣ ድረስ የለም። አዋጅ 1110 ከወጣ በኋላ ከመጠለያ ውጭ ስለመኖር፣ ስለሥራና ስለቅሬታ አቀራረብ የሚደነግጉ መመሪያዎች ወጡ፤ ሰፋ ያለው የሥራ መብት መመሪያ ግን የመጣው በ2016 ዓ.ም. ነው። ከአዋጁ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቷል። በአምስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት የነበረው ልጅ ለሥራ ይደርሳል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው መመሪያውን ከአዋጁ ጋር ጎን ለጎን አርቅቆ ለተወካዮች ምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ አብሮ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መመሪያው ቢዘገይ ምን እንደሚሆን አዋጁ ውስጥ መጻፍ፦ «መመሪያው ይህ አዋጅ ከጸናበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልወጣ፣ የስደተኛ መታወቂያ ብቻ ለአገልግሎቱ በቂ ማስረጃ ይሆናል።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲኖር መመሪያው በጊዜው ይወጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይቸኩላልና።

ትርጓሜው ላይ የሚወድቁ ቃላት

ስደተኛ ማለት ማን እንደሆነ ስትደነግጉ ሁለት ምንጭ አላችሁ። አንዱ እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት ነው፤ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ሰበብ መሳደድን የሚፈራን ሰው ይመለከታል። ሌላው መስከረም 10 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ነው፤ የውጭ ወረራን፣ የባዕድ አገዛዝንና የሕዝብን ጸጥታ በብርቱ የሚያናጋ ሁኔታን ይጨምራል። የኋለኛውን ስትገለብጡ «በአገሩ በከፊል ወይም በሙሉ» የሚለው ሐረግ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። «በከፊል» ከወደቀ ጉዳዩን የሚመረምረው መኮንን «ዋና ከተማው ሰላም ነው፤ ወደዚያ ለምን አልሄድክም?» ብሎ ማመልከቻውን ሊዘጋ ይችላል።

ስደተኛን ወደ ሸሸው አደጋ አለመመለስን የሚደነግገው አንቀጽም እንዲሁ ነው። «ወደ አገሩ አይባረርም» ማለት አይበቃም። የ1969ኙ ስምምነት ከድንበር መመለስን፣ መልሶ መላክንና ማባረርን ሦስቱንም ይዘረዝራል። ሦስቱም ይግቡ። በመተማም ሆነ በሌላ የድንበር በር ያለው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ገና ያልገባውን ሰው ሲመልስ «አላባረርኩም» ሊል ይችላልና።

የሥራ መብት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ተሐድሶው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በዚህ አንቀጽ ነው።

ኢትዮጵያ የ1951ዱን ስምምነት ስትቀበል በአንቀጽ 17 ንዑስ አንቀጽ 2 እና በአንቀጽ 22 ንዑስ አንቀጽ 1 ላይ ተዐቅቦ አድርጋለች፤ እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አልተቀበለቻቸውም። የመጀመሪያው ለሦስት ዓመት የቆየ፣ ወይም የአገሪቱ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ያለው ስደተኛ በውጭ ዜጎች ላይ ከሚጣሉ የሥራ ገደቦች ነፃ እንዲሆን የሚያዝዘው ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ይመለከታል። አዋጅ 1110 በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በኩል ስደተኛ ተማሪን ከዜጋ ጋር ስላስተካከለ፣ ተዐቅቦው በተግባር ታልፏል። በሥራ በኩል ግን ስደተኛው የሚስተናገደው አግባብ ባለው ሕግ መሠረት ለውጭ አገር ዜጋ ከሚደረገው ሁሉ በተሻለው አኳኋን ነው። መንግሥትና ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ በጋራ በሚያካሂዷቸው ፕሮጀክቶች ብቻ ከኢትዮጵያዊ እኩል ይሆናል።

ሐረጉ ደግ ይመስላል። ተከትላችሁት ሂዱ። ለውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ ፈቃዱ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት የሚሰጥና በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ይህ የተጻፈው መሐንዲስ ከውጭ ለሚያስመጣ ድርጅት እንጂ ለቀን ሠራተኛ አይደለም። ወደ ንግድ ስትሄዱ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ይጠብቃችኋል፤ ብቻውን የሚገባ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ የአሜሪካ ዶላር መመደብ አለበት። የልብስ ሱቅ የምትከፍተዋ ሴት ከዚህ ባለሀብት ጎን ተሰለፈች ማለት ነው።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ሁለቱም አዋጆች የወጡት ከስደተኛ አዋጁ በኋላ ነው። በኋላ የወጣ ሕግ ዝም ሲል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው የሚከተለው የመሥሪያ ቤቱን ሕግ ነው። «ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ተፈጻሚ አይሆንም» የሚለው የተለመደ መዝጊያ ፍርድ ቤት ውስጥ ይሠራ ይሆናል፤ ንግድ ቢሮ ውስጥ ግን ማንም አይተረጉመውም። ስለዚህ የምታስቀሩትን ሕግ በቁጥር ጥሩት።

ደካማው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ «ማንኛውም ስደተኛ አግባብ ባለው ሕግ መሠረት በንግድ ሥራ የመሰማራት መብት አለው።»

የሚሠራው ደግሞ ይህን፦ «የጸና የስደተኛ መታወቂያ ያለው ሰው ለኢትዮጵያዊ በተወሰነው ቅጽና ክፍያ የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ይሰጠዋል። በአዋጅ ቁጥር 1180/2012 ለውጭ ባለሀብት የተደነገገው ዝቅተኛ ካፒታል አይመለከተውም። ፈቃድ ሰጪው አካል የስደተኛ መታወቂያን በቀበሌ መታወቂያና በፓስፖርት ፈንታ ይቀበላል።»

ሁለተኛው ረዝሟል፣ አያምርም። ግን ሠራተኛው አትሞ ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው ይችላል።

ምን ያህል ሩቅ እንደምትሄዱ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። ሦስት መንገድ አለ፦ ከዜጋ እኩል አድርጎ የሚከለከሉትን መዘርዘር፣ ከሦስት ዓመት ቆይታ በኋላ ገደብ ማንሳት፣ ወይም ዘርፍ መርጦ መፍቀድ። የኛ ምርጫ የመጀመሪያው ነው። የሚከለከለው ሲዘረዘር ዝርዝሩ ያጥራል፤ ያልተጻፈው ሁሉ የተፈቀደ ነው። የሚፈቀደው ሲዘረዘር ግን ያልተጻፈው ሁሉ ይከለከላል፤ ጫማ መጥረግም ቢሆን።

መታወቂያው

ካርታውን ስትጨርሱ ሰባቱ መስኮቶች የሚጣሉት በአንድ ካርድ ላይ እንደሆነ ታያላችሁ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ስደተኞችም ፋይዳ ቁጥር ማግኘት ጀምረዋል። ባንኩና ቴሌው ቁጥሩን በማሽን ማረጋገጥ ስለሚችሉ «አናውቀውም» የሚለው መልስ ይቀራል። በረቂቁ ውስጥ የስደተኛ ምዝገባው ከፋይዳ ቁጥር ጋር እንዲያያዝ አድርጉ፤ በዚያው አንቀጽ የምዝገባ መረጃው ለትውልድ አገሩ መንግሥት በምንም መልኩ እንዳይተላለፍ ከልክሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተጻፉ ስደተኛው መመዝገብን ይፈራል፣ ቢፈራም አይፈረድበትም።

ቀነ ገደብ በሁለቱም ወገን

አመልካች ላይ ገደብ ስትጥሉ መሥሪያ ቤቱ ላይም ጣሉ። በአሜሪካ ጥገኝነት የጠየቁ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ አመልካቹ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያመለክት ያስገድዳል፤ ያለፈበት ሰው የተለየ ምክንያት ካላሳየ በሩ ይዘጋበታል። መንግሥት በበኩሉ መልስ ለመስጠት ዓመታት ሲፈጅ የሚደርስበት ነገር የለም። ለዓመታት በሠራው ደንብ የሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ 150 ቀን፣ ለማግኘት 180 ቀን ይቆጠራል፤ አመልካቹ ቀጠሮ ካስተላለፈ ቆጠራው ይቆማል። ጠበቃ የሌለው ሰው ሰዓቱ መቆሙን የሚያውቀው ፈቃዱ ሲከለከል ነው።

ከዚህ የምትወስዱት ይህን ነው፦ ለእያንዳንዱ ቀነ ገደብ ሦስት ነገር ጻፉ። ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር፣ ማን ሲያሳልፈው ምን እንደሚሆን፣ በማን ጥፋት እንደሚቆም። መሥሪያ ቤቱ ሲያሳልፈው ጊዜያዊ ወረቀቱ በራሱ እንደሚራዘም ግለጹ። የእምቢታ ውሳኔ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ፣ አመልካቹ በሚገባው ቋንቋ ይሰጠው። ይግባኝ እስኪታይ ድረስም መባረር ይታገድ።

ክልልና ተቀባይ ማኅበረሰብ

አዋጁ ፌዴራል ነው፤ መሬቱ፣ ወረዳውና ቀበሌው ግን የክልል ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ኒው ዮርክ ላይ ከገባቻቸው ዘጠኝ ቃል ኪዳኖች አንዱ 10 ሺህ ሄክታር በመስኖ የሚለማ መሬት ስደተኛና ተቀባይ ማኅበረሰብ በጋራ እንዲያለሙት ማቅረብ ነበር። የፌዴራል መንግሥት ቃል ሊገባ ይችላል፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። የክልሉ ምክር ቤትና የመሬት ቢሮው በረቂቁ ዝግጅት ካልተቀመጡ አንቀጹ ባዶ ቃል ይሆናል።

ጋምቤላን ውሰዱ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ዛሬ እዚያ የተጠለሉት ደቡብ ሱዳናውያን ብቻ ከ300 ሺህ ይበልጣሉ። እዚህ ቦታ ላይ ስለ «ውህደት» ከመናገር በፊት ውኃ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ይጠየቃል። ከእርዳታው የተወሰነ እጅ ለተቀባዩ ወረዳ እንዲውል በሕግ ይጻፍ፤ መቶኛው ይጠቀስ፤ ወረዳው በየዓመቱ የተቀበለውን በአደባባይ ይለጥፍ። ነዋሪው የደረሰውን በዓይኑ ሲያይ ቅሬታው ይበርዳል። ሳያይ ሲቀር ስደተኛው ላይ ይመለሳል።

ረቂቁን ማሳለፍ

ረቂቁን በአማርኛ ጻፉት። ብዙ ጊዜ አማካሪ በእንግሊዝኛ ጽፎ በመጨረሻው ሳምንት ይተረጎማል፤ ነገር ግን በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። «ሊሰጠው ይችላል» እና «ይሰጠዋል» በትርጉም ጊዜ ሲቀያየሩ መብት ችሮታ ይሆናል። እያንዳንዱን «ይችላል» አንድ በአንድ ፈትሹ።

ከረቂቁ ጋር ሐተታ ዘምክንያት፣ ማለትም አንቀጾቹ ለምን እንደተጻፉ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ አያይዙ፤ የመስኮት ካርታው እዚያ ይግባ። ቋሚ ኮሚቴው ፊት የሚቀርብ ባለሙያ የትኛው አንቀጽ የትኛውን መስኮት እንደሚከፍት ካሳየ ጥያቄው ይቀላል። ረቂቁ በፍትሕ ሚኒስቴር ታይቶ ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ከዚያ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። ከጸደቀ በኋላ ርዕሰ ብሔሩ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙም ሥራ ላይ ይውላል። ለመመሪያ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ተከተሉ፦ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ከ15 የሥራ ቀን ያላነሰ የአስተያየት ጊዜ ይሰጣል፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገባል፣ በድረ ገጽ ይወጣል። ያልተመዘገበ መመሪያ ላይ የተመሠረተ እምቢታ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ።

አስተያየት የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ «መብት ይከበር» ብላችሁ ሦስት ገጽ አትጻፉ። የንዑስ አንቀጹን ቁጥር፣ የሚወጣውን ቃል፣ የሚተካውን ቃል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት። አርቃቂው ሳይደክም ገልብጦ የሚያስገባው እንዲህ ያለውን ነው።

የመሸጋገሪያው አንቀጽ

በመጨረሻ የሚጻፍና በድካም የሚጻፍ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱ ብዙ ነው። አዲሱ ሕግ በሚጸናበት ቀን በእጅ ያሉ ካርዶች ምን ይሆናሉ? «አዲስ ካርድ እስኪሰጥ የቀድሞው ይጸናል» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ካርዱ ላይ የታተመው የማብቂያ ቀን ያለፈበት ሰው ባንክ ይመልሰዋል። «በላዩ የታተመው የማብቂያ ቀን ቢያልፍም» የሚለውን ጨምሩበት። በቤተሰብ ካርድ ላይ ተመዝግበው በስማቸው ካርድ የሌላቸው ወጣቶች 18 ዓመት ሲሞላቸው በስንት ቀን የራሳቸውን እንደሚያገኙ ጻፉ።

የልደት ምስክር ወረቀትም እዚህ ይነሳል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1049 ከተሻሻለ በኋላ፣ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞች ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ማስመዝገብ ችለዋል። ከዚያ በፊት እዚህ የተወለዱ ልጆች ዘግይተው እንዲመዘገቡ፣ ያለ ቅጣትና ያለ ሆስፒታል ወረቀት በሁለት ምስክር እንዲፈቀድላቸው ይደንገግ። የልደት ወረቀቱ ዜግነት እንደማይሰጥም በግልጽ ይጻፍ። ብዙ መዝጋቢ የሚያመነታው ወረቀቱን ሲፈርም ዜግነት የሰጠ መስሎት ነው፤ ይህ አንድ መስመር እጁን ያፍታታለታል።